«የመተማ ገበሬማ ምን ይጎድለዋል?» እና ሌሎች ስህተቶች

ባሕር ዳር ቡና ተይዞ ወሬው ወደ ሰሊጥ ከዞረ አንዱ የግድ ይላታል፦ «የመተማ ገበሬማ ብር በጆንያ ነው የሚቆጥረው!» መተማ በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ። ይቺን ስሰማ ስኒዬን ትቼ መነሳት ያምረኛል። ዛሬ በጽሑፍ ልገላገላት።

ትንንሾቹን ቶሎ እንጨርስ።

«ቆላ ስለሆነ በዓመት ሁለቴ ይመረታል።» አይመረትም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መስኖ የሌለው አንዴ ዘርቶ አንዴ ያጭዳል።

«ሁሉም መቶ ሄክታር አለው።» እሱ ባለሀብቱ ነው። በ1995 እና 1996 ዓ.ም. ከደጋ ወርደው ለሰፈሩት አባወራዎች ቃል የተገባው እስከ 2 ሄክታር ነበር።

«የድንበር ሰው ኮንትሮባንዲስት ነው።» መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት ጎረቤት ናቸው። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ የተመለሰን ሰው ከባለ ጭነት መኪናው ጋር አትጨፍልቁት።

አሁን ወደ ዋናዋ።

«ሰሊጥ ውድ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ሀብታም ነው።» ውድነቱስ እውነት። ግን ከሄክታር 5 ወይም 6 ኩንታል ከተገኘ ደህና ዓመት ነው። በቆሎ ለለመደ የሜጫ ገበሬ ይህን ብትነግሩት ይስቅባችኋል። አረሙ በእጅ ነው፣ ያውም ሁለት ሦስቴ። አጨዳው ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ቆባ ከአናቱ ይከፈታል። ነዶው ታስሮ እንደቆመ ይደረደራል፣ «ሂላ» ይሉታል። ሲደርቅ ሸራ ላይ ተገልብጦ ይራገፋል። ጥቂት ቀን የዘገየ ሰው ግን እህሉን የሚያገኘው መሬት ላይ ተበትኖ ነው፤ ማን ይለቅመዋል? ስለዚህ አገሩ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ የቀን ዋጋውም ይሰቀላል።

ሸኸዲ አጠገብ የማውቃቸው አንድ አባወራ አረም ላይ ገንዘብ አለቀባቸው። ከነጋዴ ተበደሩ። ብድሩ የሚመለሰው በሰሊጥ ነው፣ ዋጋውም ገና በነሐሴ ተቆርጧል። ኅዳር ላይ ገበያው ሲጦፍ ጋሼ ቆመው ያያሉ። ኩንታሉ የሳቸው አይደለማ! የዚያን ዓመት ልብስና ዘይት የተገዛው በፍየል ነው። «ታዲያ ለምን ይበደራሉ?» የሚል አይጠፋም። አረሙ ሰሊጡን ሲውጠው ምን ያድርጉ ነው የምትሉት?

ድንበሩ ራሱም አለ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ሁለቱ አገሮች የሚወዛገቡበት የእርሻ መሬት፣ አልፋሽጋ፣ ሲገባ፣ ያረሱትን ትተው የወጡ ገበሬዎች አሉ። የነሱንም ብር በጆንያ ቁጠሩላቸው እንግዲህ።

«መተማ ለሥራ የወረደ ብር ይዞ ይመለሳል።» ካላዛርም ይዞ ይመለሳል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ዋልካ አፈር ስንጥቅ ውስጥና ግራር ሥር ትውላለች፣ ማታ ወጥታ ትነክሳለች። ደክሞት ሜዳ ላይ የሚተኛ ሠራተኛ ደግሞ ለእሷ የተመቸ ነው። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ጣና ዳር፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ፣ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። መነሻው ከመተማና ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው የመሰለው።

ስለዚህ ልጃችሁ ለአጨዳ ከወረደ አጎበር አስይዙት። ግራር ሥር አይተኛ። ሕመሙ ልጁ ቤቱ ከተመለሰ ከወራት በኋላም ሊወጣ ይችላል። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት አልፎ ካልለቀቀው፣ ከከሳ፣ በግራ ጎኑ ከጎድኑ ሥር ጣፊያው ካበጠ ወደ ሐኪም ይሂድና ከሁሉ በፊት «መተማ ነበርኩ» ይበል። «ወባ ነው» እያላችሁ ከፋርማሲ ኪኒን እየገዛችሁ አታቆዩት። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያክማል። የተለመደው ሕክምና 17 ቀን የሚወጋ መርፌ ነውና አስታማሚም ስንቅም አዘጋጁ።