«የአሰልጣኝ ዛፍ» ምንድን ነው?

ቅኔ ተምሬያለሁ የሚል ሰው ብቅ ሲል «የማን ተማሪ ነህ?» መባሉ አይቀርም። የየኔታው ስም ከተጠራ ብዙ ነገር ይታወቃል። የት እንደዋለ፣ በምን መንገድ እንደተቃኘ፣ ምን ያህል እንደተገሠጸ። የአሜሪካ ኮሌጅ ሶፍትቦል ውስጥም አሰልጣኝ ሲነሳ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። ለማን ተጫወተች? በማን ሥር ረዳት ሆነች? ከእሷ እጅስ ማን ወጣ? ይህን ሰንሰለት «ኮቺንግ ትሪ» ይሉታል፤ የአሰልጣኝ ዛፍ። እኛ ብንሆን ሐረግ የምንለው ይመስለኛል።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ። ሶፍትቦል የቤዝቦል ታናሽ እህት ነው። በ1887 ቺካጎ ውስጥ ተጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ኳሱ ከቤዝቦል ኳስ ይበልጣል። ወርዋሪዋ እጇን ከታች አዙራ ትወረውራለች፤ በኮሌጅ ደረጃ ርቀቱ 43 ጫማ፣ 13 ሜትር ገደማ ነው። ኮሌጅ ውስጥ የሴቶች ስፖርት ነው። ትልቁ ውድድር በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ይካሄዳል። «ወርልድ ሲሪስ» ይባላል። ዓለም አይገባበትም፤ ስሙ ነው እንጂ።

ወደ ዛፉ እንመለስ። ከኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ መጀመር ይሻላል። ፓቲ ጋሶ በተጫዋችነት የካሊፎርኒያው ሎንግ ቢች ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ቀድማ ያሰለጠነችው ሎንግ ቢች ሲቲ ኮሌጅ የሚባል የ2 ዓመት ኮሌጅ ነበር። በ1995 የኦክላሆማን ቡድን ስትረከብ ቡድኑ የራሱ ሜዳ እንኳ አልነበረውም። ሕዝብ የሚዝናናበት የከተማ መናፈሻ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ከ2000 እስከ 2024 ግን 8 ዋንጫ አነሳች፤ ከነዚህ 4ቱን ከ2021 ጀምሮ በተከታታይ። ዛሬ ደመወዟ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

በ2000 የመጀመሪያውን ዋንጫ ስታነሳ ከረዳቶቿ አንዱ ቲም ዋልተን ነበር። ዋልተን የመጣው ከቤዝቦል ነው። በ1994 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን የአገር ሻምፒዮን ሲሆን ወርዋሪ ነበር። ከጋሶ ቤት ወጥቶ ዊቺታ ስቴትን ያዘ፤ ከዚያ ፍሎሪዳ ገባና በ2014 እና በ2015 ዋንጫ ወሰደ። ከ1994ቱ የቤዝቦል ጓደኞቹ አንዱ ደግሞ ኬኒ ጋዬቭስኪ ነው። ይህ ሰውዬ አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት እንጀራው የሜዳ ሣር መንከባከብ ነበር። አዎ፣ ሣር። ዋልተን ጎን ረዳት ሆነ፤ ከዚያ ከ2016 ጀምሮ ኦክላሆማ ስቴት የሚባለውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዞ መጣ። ዛፉን ተከትላችሁ ከቆጠራችሁ የጋሶ የልጅ ልጅ ነው። ተቀናቃኟም ነው፤ እዚያው ጎረቤት። የሥጋ ልጇ ጄቲ ጋሶ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ መቺዎቿን ያሰለጥናል። ሐረግ ስል ቀልድ አልነበረም።

ከግቢው የማይወጣ ዛፍም አለ። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዩሲኤልኤ ከ1975 ወዲህ ያሳለፈው 3 ዋና አሰልጣኞችን ብቻ ነው። ሻሮን ባከስ፣ ሱ ኤንክዊስት እና ኬሊ ኢኖዌ-ፔሬዝ። ኤንክዊስት ለባከስ ተጫወተች፣ ረዳቷ ሆነች፣ አብራት ዋና አሰልጣኝ ሆነች፣ በመጨረሻ ወረሰቻት። ኢኖዌ-ፔሬዝ የዚያው ቤት ካቸር ነበረች፤ ከመቺዋ ኋላ ቁጢጥ ብላ ኳሱን የምትቀበለዋ። በተጫዋችነትም፣ በረዳትነትም፣ በዋና አሰልጣኝነትም ዋንጫ አንስታለች። በዋና አሰልጣኝነት ያነሳቻቸው የ2010 እና የ2019 ናቸው።

የእኔን ልብ የምትወስደው ግን ካሮል ሃቺንስ ናት። ሚሺጋን ስቴት ስትማር ሶፍትቦልም ቅርጫት ኳስም ትጫወት ነበር። በ1979 የወንዶቹ ቅርጫት ኳስ ቡድን በማጂክ ጆንሰን እየተመራ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ሃቺንስና ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲውን ፍርድ ቤት አቆሙት። የቀን አበላችን፣ ማደሪያችን፣ ጉዟችን ከወንዶቹ ያነሰ ነው አሉ። መሠረታቸው በ1972 የወጣው «ታይትል ናይን» የሚባለው ሕግ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት በፆታ እንዳያዳላ የሚከለክለው። የኮሌጅ ሶፍትቦል አሰልጣኝነት ዛሬ እንጀራ የሚሆነው በአብዛኛው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው።

ሃቺንስ ከዚያ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማስተርሷን ሠራች፣ ፌሪስ ስቴት የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ አሰለጠነች፣ ከዚያ የቀድሞ ትምህርት ቤቷ ቀንደኛ ባላንጣ ወደሆነው ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ገባች። እዚያ ከ1985 እስከ 2022 ዋና አሰልጣኝ ሆነች፤ ከፌሪስ ስቴቱ ጋር ተደምሮ 1,707 ጨዋታ አሸነፈች። በ2005 ዋንጫውን ስትወስድ፣ ውድድሩ በኤንሲኤኤ (በኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው) ሥር ከሆነ ወዲህ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምሥራቅ ያለ ቡድን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ጡረታ ስትወጣ ወንበሩን የያዘችው ቦኒ ቶል ናት። ለእሷ ተጫውታለች፣ ከዚያም 3 አስርት ዓመት ገደማ ረዳቷ ሆና ጠብቃለች። የዘመኑ ሰው እንዲህ ያለ ትዕግሥት አለው?

ቅርንጫፍ መሆን ርካሽ አይደለም። የተለመደው መነሻ «ግራጁዌት አሲስታንት» መሆን ነው። ማስተርስ እየተማርክ ቡድኑን ትረዳለህ፤ የትምህርት ክፍያህ ይሸፈናል፣ የኪስ ገንዘብ የምትመስል ነገር ይሰጥሃል። እስከ 2023 ድረስ ደግሞ «በጎ ፈቃደኛ አሰልጣኝ» የሚባል ቦታ ነበር። ሥራው ሙሉ፣ ደመወዙ ዜሮ። በክረምት የልጆች ካምፕ እና በግል ትምህርት ነበር የሚኖሩት። ኤንሲኤኤ ይህን ቦታ በዚያ ዓመት ሰረዘው። ጥሩ አደረገ። ቤተሰቡ ሊደጉመው የሚችል ሰው ብቻ ነበር የሚዘልቀው።

የወንዶቹ ነገር ያከራክራል። ከ1972 በፊት የኮሌጅ የሴት ቡድኖችን ከሚያሰለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ሕጉ ገንዘብ ሲያመጣ ወንዶቹም ተከትለው መጡ፤ ሁሉንም ስፖርት ደምረን ካየነው የሴቶቹ ድርሻ አሁን 40 በመቶ አካባቢ ነው። ጋሶን በ8 ዋንጫ የሚስተካከላት ማይክ ካንድሪያም የቤዝቦል ሰው ነበር። ሴንትራል አሪዞና ኮሌጅ ሶፍትቦል አሰልጥኖ በ1986 ወደ አሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ፤ በ2004 የአሜሪካን ቡድን ይዞ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ይገባዋል ወይ ለሚለው፣ ሲወጣ ማንን እንደተካ እዩለት። በ2021 ወንበሩን የተረከበችው የራሱ ተጫዋች የነበረችው ኬትሊን ሎው ናት።

ከዛፉ ውጭ የበቀለም አለ። የቴክሳሱ ማይክ ዋይት የኒውዚላንድ ሰው ነው። የወንዶች ሶፍትቦል ወርዋሪ ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ይህን ጨዋታ የሚያውቀው ጥቂት ነው። የታወቀ ኮሌጅ ቤት አላሳደገውም። መጀመሪያ ኦሬገንን ከፍ አደረገ፣ ከዚያ ቴክሳስን። በ2022 እና በ2024 ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቴም በጋሶ ተሸነፈ። በ2025 ግን ጋሶ ከፍጻሜው በፊት ተሰናበተች፤ ዋይትም ቴክሳስ ቴክን በ3 ጨዋታ 2 ለ1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።