የፕላዝማን ቅርጽ መግራት

የአቶም እምብርቶችን አዋህዶ ኃይል ለማውጣት በሚሠራ የኒውክሌር ውህደት ማሽን ውስጥ የሃይድሮጅን ጋዝ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚህ ሙቀት ጋዙ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላዝማ ይሆናል። ይህን የሚችል ዕቃ የለም። ስለዚህ ቶካማክ የሚባለው ማሽን ፕላዝማውን በማግኔት ኃይል ከግድግዳው አርቆ ይይዘዋል።

መያዝ ብቻ ግን አይበቃም። ቅርጹም ወሳኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቶካማኮች ፕላዝማ ተቆርጦ ቢታይ ክብ ነበር። በኋላ ሽቅብና ቁልቁል ሲለጠጥ ብዙ ኮረንቲ እንደሚሸከም፣ ሙቀትም የተሻለ እንደሚይዝ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ ውስጥ ሥራ የጀመረው ጄት (JET) የሚባል ቶካማክ ፕላዝማ የላቲኑን ዲ (D) ፊደል ይመስል ነበር።

ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ መለጠጥ ነው። ፕላዝማውን ለመለጠጥ ከላይና ከታች የሚስቡ ጥቅል ሽቦዎች ያስፈልጋሉ። ፕላዝማው ትንሽ ከፍ ካለ የላዩ ጥቅል ይበልጥ ይስበዋል። በሳበው ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጠጋል። ዝም ከተባለ ሄዶ ግድግዳውን ይመታል፣ ይከስማል፣ ማሽኑንም ክፉኛ ይገፋዋል። ደግነቱ፣ ፕላዝማው ሲንቀሳቀስ የብረቱ ግድግዳ ውስጥ ኮረንቲ ይፈጠራል፤ ይህም ውድቀቱን ወደ ሚሊሰከንዶች ያዘገየዋል። ያ ባይሆን የትኛውም መቆጣጠሪያ አይደርስበትም ነበር።

በዙሪያው የተተከሉ መለኪያዎች የመግነጢሳዊ መስኩን ለውጥ ያነባሉ። ኮምፒውተሩ ከንባቡ ተነስቶ የፕላዝማው ጠርዝ የት እንዳለ ያሰላል። ከዚያ የየጥቅሉን ኮረንቲ ያስተካክላል። ይህ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ከባዱ ነገር አንዱ ጥቅል ሲነካ የፕላዝማው ቅርጽ በሙሉ መነካቱ ነው።

ለዚህ ጥናት በስዊዘርላንድ ሎዛን ያለውን ቲሲቪ (TCV) የተባለ ቶካማክ የሚያህል ምቹ ማሽን ያለ አይመስለኝም። ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ ቅርጹ የሚቀያየር ቶካማክ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የማሽኑ ተመራማሪዎች ከጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ከዲፕማይንድ ጋር ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በኮምፒውተር ምስለ ሙከራ የሠለጠነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት 19 ጥቅሎችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ አዘዘ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ፕላዝማ በአንድ ጊዜ መያዝ ሁሉ ቻለ።

እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ ግን እዚያው የተሞከረው የተገለበጠው ዲ ነው። ቀጥ ያለው ጎኑ ወደ ውጭ ይዞራል። ያኔ ከፕላዝማው ጠርዝ በድንገት እየፈነዳ ግድግዳውን የሚጎዳው ሙቀት ይቀራል፤ መሃሉ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። በዚያው ልክ ሽቅብ ቁልቁል መንሸራተቱ ይብሳል፤ የመቆጣጠሪያውም ሥራ ይከብዳል። በአሜሪካ ሳንዲያጎ ያለው ዲ3-ዲ (DIII-D) የተባለ ቶካማክ እ.ኤ.አ. በ2023 የውጭ ግድግዳው ላይ ጊዜያዊ መከላከያ አስገጥሞ ይህንኑ ቅርጽ በሰፊው ሞክሮታል።