ዋት ምንድን ነው? የሚዘፍነው ምጣድ ነገር

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ሱቄ መጣ። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብላ ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ልጁ ከጥቁር ፌስታል የብሉቱዝ ስፒከር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊት ለፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «3000 ዋት» ይላል።

«ጋሼ፣ ሜዳ ላይ አይሰማም። ዋቱን ትጨምርልኛለህ?»

ፈታሁት። ውስጡ መዳፌን የማያክሉ ሁለት ስፒከሮች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቦርድ፣ ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት ባትሪዎች። ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) የሚመስለው ነገር ሽቦ እንኳን አልገባለትም፤ ለጌጥ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው። ባትሪዎቹ የተጠቀለሉበት ላይ፣ ለሁለቱም በአንድነት፣ 3.7 ቮልት፣ 2400 ሚሊአምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል።

በዚያው ሰሞን አንድ ቪዲዮ ሥር የተጻፈ አስተያየት አንብቤ ደሜ ፈልቶ ነበር። ቪዲዮው ላይ አንድ ወጣት ቤቱ ውስጥ ስፒከር ሲገጣጥም ያሳያል። ንጹሕ ሥራ ነው። አምፕሊፋየሩ (ድምፁን የሚያጎላው ቦርድ) 50 ዋት ነው አለ። አስተያየት ሰጪው ደግሞ «ይሄን ሁሉ ለፍተህ 50 ዋት? ገበያው ላይ 3000 ዋት ሞልቶ የለ እንዴ!» ብሎ አላገጠበት። ሰውም ተከትሎ ሳቀ። አስተያየት ሰጪው ማን እንደሆነ አላውቀውም፤ ግን ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ዋት በሰከንድ የሚያልፍ የኃይል መጠን ነው፤ ቮልት ሲባዛ በአምፔር። ይኼ ትምህርት ቤት ያለቀ ጉዳይ ስለሆነ አልቆምበትም። ወንድሜ የሳተው ሌላ ቦታ ነው። ዋትን የድምፅ መለኪያ አደረገው። ዋት የሚነግርህ ዕቃው ስንት እንደሚበላ ነው። የበላውን ምን እንዳደረገው አይነግርህም።

እስቲ የቤታችንን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። ብዙዎቹ 3500 ዋት ገደማ ይበላሉ። ምጣድ ሲሰካ ቆጣሪው እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃለህ። መስመሩ የደከመ ሰፈር ከሆነ አምፖሉም ፈዘዝ ይላል። ሶኬቱ ደህና ካልሆነ ይቀልጣል። እንግዲህ 3000 ዋት ስፒከር አለኝ ስትል፣ እናትህ የምትጋግርበትን ምጣድ በሁለት የጣት ውፍረት ባላቸው ባትሪዎች አግዬዋለሁ እያልክ ነው። ቢሆንማ ኖሮ መብራት በጠፋ ቁጥር ሊጥ ለምን ይበላሽብን ነበር?

ሱቄ የመጣውን ልጅ ስፒከር ሒሳብ እንሥራው። 2400 ሚሊአምፔር ሰዓት ማለት 2.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ 3.7 ሲባዛ በ2.4 ወደ 8.9 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ 8.9 ዋት ለአንድ ሰዓት እንደማለት። ባትሪው ውስጥ ያለው በሙሉ ይኼው ነው። ይህ በ3000 ዋት ቢበላ 11 ሰከንድ አይሞላም። አዝማቹ ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው። አምፔሩ ደግሞ ከ800 ይበልጣል፤ የትንሽ መኪና ሞተር ማስነሻ እንኳ ያን ያህል አይስብም። ካርቶኑ ግን «5 ሰዓት ያጫውታል» ይላል። 8.9ን ለ5 አካፍል። 1.8 ዋት። የልጁ ስፒከር በአማካይ ሁለት ዋት እንኳ አይበላም። ስልክህ ላይ ባለው ካልኩሌተር፣ ሱቁ በር ላይ ቆመህ የምትሠራው ሒሳብ ነው። የባትሪውን ዋት ሰዓት አጫውታለሁ ለሚለው ሰዓት አካፍል፤ ወርቃማው ጽሑፍ ይራገፋል።

ታዲያ 3000ው ከየት መጣ? በእንግሊዝኛው ምሕፃር «ፒኤምፒኦ» የሚባል አጻጻፍ አለ። የሙዚቃ ጫፍ ኃይል ለማለት ነው። እንዴት እንደሚለካ የተስማማበት ወገን የለም። ስለዚህ አምራቹ ያማረውን ቁጥር ይጽፋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካኖች የቤት ውስጥ አምፕሊፋየር ሻጮች በዋት ሲያጋንኑ ሰልችቷቸው በፈረንጆቹ 1974 ደንብ አውጥተውበታል፤ ዋት ስትጽፍ እንዴት እንደለካኸው አብረህ ተናገር የሚል። ልጁ የገዛው ካርቶን ላይ ግን እንዴት ተለካ የሚል ነገር አትፈልግ።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልጅ ልመለስ። ያላገጠበት ሰው ተሳስቷል ማለት ልጁ ልክ ነው ማለት አይደለም። 50 ዋት ያለው ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ ነው። ቦርዱ ቲፒኤ3116 የሚባለው ቺፕ ያለበት ነው፤ እዚህ ከተማ ስፒከር የሚገጣጥም ሁሉ ያውቀዋል። ጥሩ ቺፕ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ለግራና ለቀኝ ስፒከር እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚሰጠው 21 ቮልት ሲያገኝና ባለ 4 ኦም ስፒከር (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ሲታሰርለት ነው። ያውም 10 በመቶ የድምፅ መዛባት ከታገሥክ። ልጁ የሰጠው ሦስት ሊቲየም ባትሪ በተከታታይ ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 12.6 ቮልት። ቮልቱን በራሱ አባዛ፣ ለስምንት አካፍል። (ስምንቱ የኦሙ እጥፍ ነው፤ የሳይን ሞገድ ጣጣ።) 20 ዋት አይሞላም። ከዚያ በላይ ድምፅ ስትጨምር ሞገዱ አናቱን ይቆረጣል፤ ድምፁ ይሻክራል፤ ትዊተሩ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወደ እኔ ይመጣል። በእርግጥ 50 ካማረህ አምስት ባትሪ ደርድር። ስድስት ላድርገው የሚለኝም አለ። ስድስት ሲሞላ 25.2 ቮልት ነው፤ የቺፑ ጣሪያ 26 ነው። እኔ አልመክርም።

እሺ፣ ዋቱ እውነተኛ ሆነ እንበል። ድምፁስ? ምጣዱን አልጨረስኩትም። አብዛኛው የቤት ስፒከር ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚቀይረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ቀሪው ጥቅል ሽቦውን ያሞቃል። የተቃጠለ ስፒከር አሽትተህ ታውቃለህ? እሱ ነው። ስፒከር ማለት እየጋለ ትንሽ የሚዘፍን ምጣድ ነው። አንዱ ምጣድ በ3500 ዋት ዓይናማ እንጀራ ያወጣል፤ ሌላው በዚያው 3500 ዋት ዳሩን ጥሬ፣ መሀሉን ከሰል ያደርግልሃል። ቆጣሪው ግን ለሁለቱም እኩል ይቆጥራል። ዋት ብቻ ተናግሮ ስፒከር የሚገዛ ሰው ቆጣሪ አይቶ እንጀራውን የሚያመሰግን ሰው ነው።

ስፒከር ላይ ይህን የሚለየው ቁጥር አለ። በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ ስንት ዲሲቤል (የጩኸት መለኪያው ነው) ይጮኻል? ይኼ ነው መጠየቅ ያለበት፤ ማንም ግን አይጠይቅም። ትንሿ ባለ ሦስት ኢንች 82 ልትሰጥ ትችላለች። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ያነሳሁት፣ ከድሮ ራዲዮ የወጣ ባለ አሥር ኢንች ስፒከር አለኝ፤ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ሊያሳልፍ ደርሷል። ቀላል ስለሆነ ትንሽ ነገር ይገፋዋል፤ 94 ይሰጣል። ልዩነቱ 12 ዲሲቤል ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን በየ3 ዲሲቤሉ ዋቱ እጥፍ ይሆናል። አራት ጊዜ እጥፍ ስታደርግ 16 ነው። ስለዚህ አሮጌው በ5 ዋት የሚጮኸውን፣ ትንሿ እኩል ልጩኽ ካለች 80 ዋት ያስፈልጋታል። 80 ዋት ደግሞ አትችልም፤ ትጨሳለች።

ጆሮም ሌላ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲያምንልህ 10 ዲሲቤል ይፈልጋል፤ አሥር እጥፍ ዋት። «የኔ 50፣ ያንተ 25፣ በእጥፍ እበልጥሃለሁ» የሚለው ክርክር በጆሮ ሲለካ ያች 3 ዲሲቤል ናት። ልብ ብለህ ካልሰማህ አትለያትም።

ሜዳው ላይ ለምን አይሰማም ላለው ልጅ ደግሞ ርቀትን ጨምር። ገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 100 የነበረው 32 ሜትር ላይ 70 ነው። የሰባ ዲሲቤል ድምፅ በጨዋታ መሀል፣ መኪና በሚያልፍበት፣ ማን ያዳምጠዋል? የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ግን ከአደባባዩ ማዶ ይሰማል። የእሱ ጉሮሮ የሚያወጣው የድምፅ ኃይል በሚሊዋት የሚቆጠር ነው። ባትሪው እንጀራ በሽሮ ነው፣ ካርቶን የለውም፣ ምንም አልተጻፈበትም።

(መቼም ከጀመርኩ አይቀር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስፒከር የሚገፋው አየር ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ድምፅ 2 ዲሲቤል ገደማ እዚህ ይጎድላል። ማንም አይነግርህም ብዬ ነው።)

ሣጥኑስ? ሣጥን የምጣዱ አክንባሎ ነው። ያለ አክንባሎ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ እንጀራው አይበስልም። ያለ ሣጥንም የስፒከሩ የጀርባ ሞገድ ዞሮ የፊቱን ያጠፋዋል፤ ቤዝ የሚባል አይኖርም። እስከዚህ ያስኬዳል። ከዚህ በኋላ ግን ምሳሌዬ ማረር ይጀምራል፤ አክንባሎ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል እንጀራው ግድ አይሰጠውም፣ ስፒከር ግን የሣጥኑ ሊትር ሲቀየር ጠባዩ ሁሉ ይቀየራል። በሙያው የታወቀ ሕግ አለ። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ትልቅ ድምፅ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ምረጥ። ሦስቱንም የሸጠልህ ሰው አንዱን ዋሽቶሃል። ተንቀሳቃሽ ስፒከር ትንሽ ሣጥን ነው፤ ስለዚህ ቤዝ ወይ ጩኸት ልትተው ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ቤዙን ትንሽ እተዋለሁ። ወጣቶቹ አይስማሙም።

ስለ ባትሪ ሳልናገር ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለ 18650 ባትሪ (ላፕቶፕ ውስጥም የሚገኘው ድቡልቡል ረጅም ሊቲየም) ላይ «9900» ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ካየህ መልሰህ አስቀምጠው፤ የእውነተኞቹ ጫፍ ከ3500 ብዙም አይርቅም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የምታወጣቸውን አንድ በአንድ ለካቸው። ደካማና ጠንካራ በአንድ ላይ አትሰር። መጠበቂያ ቦርድ የሌለው ሊቲየም እኔ ክፍል አይገባም። ስታኞ በቀጥታ ባትሪው ላይ አታቅልጥ፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል። ፊውዝ አድርግ። ደግሞ ብሉቱዙና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ «ዚዚዚ» የሚል ድምፅ ከመጣ ብሉቱዙን አትክሰሰው፤ የጋራ መሬታቸው (የሚጋሩት የኔጋቲቭ ሽቦ) ነው የሚያጉረመርመው። ለብሉቱዙ የተነጠለ ትንሽ ኮንቨርተር (ያን ሽቦ ሳያጋራ ኃይል የሚያሳልፍ) ስትሰጠው ጸጥ ይላል። ይኼ ከዋት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን በሳምንት ሁለት ሰው ስለዚህ ይጠይቀኛል።

ሱቄ የመጣውን ልጅ ስፒከር አልጠገንኩትም። ምኑን ልጠግን? የቺፑድ ሣጥን ቆረጥን፤ አሥር ኢንቹን ሰጠሁት (ቆጭቶኛል)። ሦስት ባትሪ በተከታታይ፣ ሦስት ሦስቱን በጎን። ያው የተናቀው ቦርድ። እየተጫወተ ሳለ መልቲሜትር መሀል አስገባሁና ድምፁን ሽቅብ ወሰድኩት። ቮልቱ 11.8፣ አምፔሩ ሲዋልል ሲዋልል 0.6 አካባቢ ቆመ።

«ስንት ነው?» አለ ልጁ።

«ሰባት ዋት።»

«ሰባት ሺህ?»

መልስ ሳልሰጠው ከመንገዱ ማዶ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ብድግ አለች። «ኧረ በማርያም ቀንሱት! ሰው ስንት ስኒ እንደሚፈልግ እንኳ መስማት አልቻልኩም!»

ቀነስነው።