ትርክትና ቅቡልነት በመሃል አዲስ አበባ

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከለገሐር እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የከተማዋ እምብርት፣ ኢትዮጵያን የገዛ ሁሉ ሥልጣኑ እንደሚገባው ያለፈውን ዘመን ምስክር ጠርቷል። ዘውዱ ጉዳዩን በሕግ አጽንቶት ነበር፦ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር የሚመዝዘው ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ነው። በለገሐር የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የዚሁ ማኅተም ነው።

የዘር ሐረግ የማይቆጥሩ ፓርቲዎች ምስክራቸውን ከጦር ሜዳ ያመጣሉ። የደርግ ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲመሠረት በቸርችል ጎዳና የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ይዘክራል። አገር ያዳነ ወታደር አገር ቢገዛ ምን ይገርማል፣ ነው ነገሩ።

አሠራሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው ግን በድል በዓል ላይ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ልክ በ5 ዓመቱ ነበር፤ የአራት ኪሎው አደባባይም በዚሁ ቀን ስም ተሰየመ። ደርግ ድሉን መካድ አላስፈለገውም፤ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፣ በቃ። ንጉሡ ከታሪኩ ወጡ። መጋቢት 28 ደግሞ በእንግሊዞች የሚመራው ጦር ከተማዋን የያዘበት ዕለት ነው፤ ኢምፔሪያሊዝምን ሲያወግዝ ለሚውል መንግሥት እንግዳ ምርጫ! ሚያዝያ 27 የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ኢሕአዴግ ከክብሩ ይልቅ በደሉን አስቀደመ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መግቢያ ከታሪክ ስለተወረሰ «የተዛባ ግንኙነት» ይናገራል፤ በዚህ አተራረክ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. የበደሉ ማክተሚያ ይሆናል። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የያዘው ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ደርግን ለጣለው ድርጅትም ከዚያ የበለጠ ምስክር አልነበረም።

የዛሬው ገዢ ፓርቲ ብልጽግና «ገዢ ትርክት» የሚለውን ቃል በግልጽ ይጠቀማል። ፓርቲው ከመመሥረቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት አንድነት ፓርክ ተከፍቷል፤ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋን የወረዱት ንጉሥ እዚያ በሰም ምስል ዳግም ተቀምጠዋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ዓድዋ የምኒልክ ድል ነው ወይስ የመላው ሕዝብ የሚለው ሙግት ግን እልባት አላገኘም። ከምረቃው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መንግሥት በዓሉን መስቀል አደባባይ ሲያከብር፣ እንደ ልማዱ ወደ ምኒልክ ሐውልት የወጣውን ሕዝብ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ በትኖታል።