ብርቅዬ መኪና ወደ አሜሪካ ማስገባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ የሚኖር መኪና ወዳድ አንድ ቀን የኒሳን ስካይላይን ወይም የላንድ ሮቨር ዲፌንደር ፍቅር ይይዘዋል። ጃፓን ጨረታ ላይ ያያታል፣ ዋጋዋን ያጣራል፣ ከዚያ ጓደኛውን ያማክራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ሕጉ የሚወራው ግማሹ ስህተት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ለሌላ መኪና የሚሠራ ነው። ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ የተሳሳተ ወሬ ሲያጣ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልውሰዳቸው። መነሻው የ25 ዓመት ሕጉ ነው፦ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ ሳያሟላ መግባት የሚችለው 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የ2001 ሞዴል ከሆነ 2026 እንደገባ ይፈቀዳል»

አይፈቀድም። 25 ዓመቱ የሚቆጠረው መኪናው ከተመረተበት ወር ጀምሮ ነው፣ የሞዴሉ ዓመት አይታይም። ኖቬምበር 2001 ላይ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ጃንዋሪ 2026 ወደብ ቢደርስ ገና አሥር ወር ይቀረዋል። አር 34 የሚባለውን የስካይላይን ጂቲ-አር ትውልድ ውሰዱ። ምርቱ ጃንዋሪ 1999 ተጀምሮ 2002 ላይ አበቃ። የመጀመሪያዎቹ 2024 መግቢያ ላይ ተፈቀዱ፣ የመጨረሻዎቹ ግን 2027ን ይጠብቃሉ። መልካቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፣ በሕግ ፊት ግን አንዱ ይገባል ሌላው ይመለሳል። ሌላም ነገር አለ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት ባለ 17 አሃዙ የመለያ ቁጥር የላቸውም፣ ያላቸው የሻንሲ ቁጥር ነው። የጃፓኑ የኤክስፖርት ወረቀት ላይ የምታዩት ቀን ደግሞ መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበት እንጂ የተመረተበት አይደለም። በሁለቱ መካከል ወራት ሊኖሩ ይችላሉ። የምርት ወሩን በሻንሲ ቁጥሩ ሳታጣሩ ገንዘብ አትላኩ።

«ሕጉ የወጣው ፈጣን የጃፓን መኪኖችን ለመከልከል ነው»

ይህ ታሪኩን አለማወቅ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1980ዎቹ በጀርመን መኪኖች ነው። ዶላር ጠንክሮ ስለነበር አሜሪካውያን መርሴዲስ ከአውሮፓ በቀጥታ ገዝተው ማምጣት ይረክስላቸው ነበር፣ ሕጋዊዎቹ ሻጮችም ገበያቸው ተወሰደ። ጩኸቱና ውትወታው በዛና በ1988 ኮንግረስ ሕጉን አወጣ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ፈረመ። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ አዲስ መኪና በግል ማስገባት እጅግ ከባድ ሆነ። ስካይላይን ላይ የደረሰው የዚያ ጣጣ ነው።

«25 ከሞላው ሌላ ጥያቄ የለም»

25 ዓመቱ የሚመለከተው የደኅንነት ደንቡን ብቻ ነው፣ ማለትም የግጭት ፍተሻ፣ ኤርባግ፣ መብራት የመሳሰሉትን። ጭሱን የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኢፒኤ ነው፣ የእሱ ገደብ ደግሞ 21 ዓመት ነው። እዚያም «መኪናው እንደተሠራ ያለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለ። ሞተሩ ተቀይሮ ሌላ ሞተር የተገጠመለት መኪና ያን ነጻነት ሊያጣ ይችላል። ጨረታ ላይ «ሞተሩ የተሻሻለ» የሚል ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት ይህን አስቡ። ቀረጡም አንድ ዓይነት አይደለም። የጭነት መኪና ላይ ከ1964 ጀምሮ 25 በመቶ የሚጣል ቀረጥ አለ። በዶሮ ሥጋ ንግድ ከአውሮፓ ጋር ከተነሳ ጠብ የመጣ ስለሆነ እስከ ዛሬ የዶሮ ታክስ ይሉታል። ያቺ ትንሽ ፒክአፕ ረክሳ የታየቻችሁ ቀረጧን ሳትደምሩ ይሆናል።

«ታርጋ ካወጣ፣ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ካለው፣ አበቃ»

ሰው እንደዚህ ስህተት የከሰረበት የለም፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ታርጋ የሚሰጠው ስቴቱ ነው። መኪናው አገር ውስጥ መግባቱን የሚፈቅደው ግን የፌዴራል መንግሥት ነው። የስቴቱ ጸሐፊ ወረቀት አይቶ ታርጋ ሰጠ ማለት ጉምሩክ ተስማማ ማለት አይደለም። በጁላይ 2014 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች 40 ዲፌንደሮችን ከሰዎች ግቢ ነቅለው ወሰዱ፣ ብዙዎቹን ከሰሜን ካሮላይና። ባለቤቶቹ መኪናውን ሲነዱ የኖሩ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ክሱ መኪኖቹ ከ25 ዓመት በታች ናቸው፣ የመለያ ቁጥራቸውም ተቀይሯል የሚል ነበር። ዲፌንደር ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ክፍሉ እየተለወጠ የሚኖር መኪና ነው፤ በር ከአንዱ፣ ሞተር ከሌላው። ስለዚህ ዕድሜውን በዓይን አይቶ መወሰን ከባድ ነው። ባለቤቶቹ ጠበቃ ይዘው ተከራከሩና በ2015 ብዙዎቹ መኪኖች ተመለሱ። እኔ እንደማየው መንግሥት ያኔ ቸኩሏል፣ ምንም የማያውቁ ገዢዎችንም አንገላቷል። ግን ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው፦ ሁለተኛም ሦስተኛም ገዢ ብትሆኑ መኪናው ከእጃችሁ ሊወሰድ ይችላል። ስትገዙ ታይትሉን ብቻ አትጠይቁ፤ ኤችኤስ-7 የሚባለውን የደኅንነት ፎርም፣ የኢፒኤውን ፎርም እና የጉምሩክ መግቢያ ወረቀቱን ጠይቁ። ሻጩ «ጠፋብኝ» ካለ ዝም ብላችሁ ሂዱ።

የተገላቢጦሹም አለ። በፌዴራል ሕግ ፍጹም ሕጋዊ የሆነ መኪና ስቴቱ ታርጋ ሊከለክለው ይችላል። ኬይ የሚባሉት ትንንሽ የጃፓን የጭነት መኪኖች ላይ ይህ ደርሷል፤ ሜይን፣ ሮድ አይላንድ እና ጆርጂያ ውስጥ ሰዎች ይነዱት የነበረው መኪና ምዝገባው ተሰርዟል ተብለዋል። ቴክሳስ በተቃራኒው 2024 ላይ ፈቀደች። ካሊፎርኒያ ደግሞ የራሷ የጭስ ሕግ አላት፤ ከ1975 በኋላ የተሠራ መኪና 25 ዓመት ሞላው ብላ አታልፈውም። የስቴታችሁን ደንብ መኪናው መርከብ ላይ ሳይወጣ አንብቡ።

«ፈታቶ በመለዋወጫ ስም ማስገባት ይቻላል»

ሻንሲውን በአንድ ኮንቴይነር፣ ሞተሩን በሌላ፣ እዚህ ሲደርስ መግጠም። ብልህነት ይመስላል፣ ግን መንግሥት ከረጅም ጊዜ በፊት ያወቀው መንገድ ነው። ክፍሎቹ ተገጥመው መኪና የሚሆኑ ከሆነ እንደ መኪና ነው የሚታዩት። በዚህ መንገድ የገቡ ስካይላይኖች ተወስደዋል።

«አስመጪ ድርጅት ከያዘው እኔን አይመለከተኝም»

ከ25 ዓመት በታች የሆነ መኪና በተመዘገበ አስመጪ በኩል ሊገባ ይችላል፣ ግን መኪናው በተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። አስመጪው የመኪናውን ዋጋ 150 በመቶ ዋስትና ያስይዛል፣ በ120 ቀን ውስጥም መኪናውን ከደንቡ ጋር አስማምቶ ማረጋገጫ ያቀርባል። ሞቶሬክስ የሚባል የካሊፎርኒያ ድርጅት አር 33 ስካይላይንን አስፈትሾ ነበር፣ ፈቃዱም ለአር 32 እና ለአር 34 ጭምር ተዘረጋ። ኋላ መንግሥት ነገሩን እንደገና መረመረና ፈቃዱን ከጃንዋሪ 1996 እስከ ጁን 1998 ለተሠሩ አር 33ዎች ብቻ አጠበበው። ገዢዎች ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ነው ይህ የመጣው።

«ሀብታም ከሆንክ ይሆናል»

ቢል ጌትስን ጠይቁት። ፖርሽ 959 ገዝቶ አስመጣ፣ መኪናው ወደብ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀመጠ። ፖርሽ ለግጭት ፍተሻ የሚሆኑ መኪኖች ስላልሰጠ ማንም ሊያጸድቀው አልቻለም። መፍትሔው የመጣው «ለዕይታ» የሚባለው ልዩ ፈቃድ በሕግ ሲገባ ነው። አሁንም ይሠራል፣ ግን ጠባብ በር ነው። መኪናው በታሪክ ወይም በቴክኖሎጂ የተለየ መሆን አለበት፣ ብዙውን ጊዜም ከ500 በላይ ያልተሠራ። መንገድ ላይ በዓመት 2,500 ማይል ብቻ ነው የሚፈቀደው። ማመልከቻው የሚገባው መኪናው ከመጫኑ በፊት ነው። የጭሱን ጉዳይ ደግሞ አይነካውም፤ ከኢፒኤ ጋር ለብቻ ትጨርሳላችሁ።

«ካናዳ ላይ አስገብቼ በድንበር አሻግረዋለሁ»

ካናዳ 15 ዓመት የሞላውን ታስገባለች፣ ልክ ነው። አሜሪካ ግን የካናዳን ታርጋ አይቶ ዕድሜውን አይጨምርለትም። የካናዳ ነዋሪ መኪናውን ለግል ጉዳዩ እስከ አንድ ዓመት ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ይዞትም ይመለሳል። መሸጥ አይችልም። እናንተ አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ ያ መብት የእናንተ አይደለም፣ «ልሽጥልህ» የሚላችሁም ሰው እያወቀ ነው የሚያታልላችሁ።