«ልጄ ከስልኩ እንግሊዝኛ ለመደ» እና በየቀኑ የምሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

በሕፃናት ሐኪምነት ስሠራ ከጉንፋንና ከተቅማጥ እኩል በየሳምንቱ የምጠብቀው ሌላ ነገር ከመጣ ቆይቷል፤ እርሱም ክትባቱ የተሟላ፣ ክብደቱ የተስተካከለ፣ ሦስት ዓመት ሞልቶት ግን አፉን ያልፈታ ልጅ ነው። ወላጆቹ ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ለሳል ወይም ምግብ እምቢ ስላለ ነው። ስለ ንግግሩ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ «የዘገየው አማርኛው ነው እንጂ እንግሊዝኛውንማ ከስልኩ ለምዶ አቀላጥፎ ይናገራል።» ይህን መልስ መስማት አድክሞኛል፤ ምክንያቱም ልጃቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች፣ እየደረሰ ያለውን ጉዳት እንደ ስጦታ ቆጥረው ሲደሰቱበት በየቀኑ አያለሁ።

አንድ የሦስት ዓመት ከመንፈቅ ልጅ ላንሣ። እናቱ በኩራት «ዶክተር፣ እስቲ ይስሙት» አለችኝ። ልጁ በእንግሊዝኛ እስከ ሃያ ቆጠረ፣ ቀለማቱን ጠራ፣ ፊደላቱንም በዜማ አንበለበላቸው፤ የድምፁ አወጣጥ ካርቱን ላይ እንዳሉት የአሜሪካ ልጆች ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ሦስት የጠርሙስ ቆርኪዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ። «ቀዩን ስጠኝ» ስለው ዝም አለ። «ጊቭ ሚ ዘ ሬድ ዋን» ስለው እጁን እንኳ ሳያነሣ «ሬድ፣ ብሉ፣ የሎው፣ ግሪን» ብሎ የለመደውን ዝርዝር ጀመረ፤ ጠረጴዛው ላይ የሌለውን አረንጓዴ ሳይቀር ጠራ። «ዋትስ ዩር ኔም?» ብዬ ስጠይቀው «ዋትስ ዩር ኔም» ብሎ መለሰልኝ። ጥቂት ቆይቶ ውሃ ሲጠማው አንድም ቃል ሳይተነፍስ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ቦርሳዋ ጎተተና መዳፏን የውሃው ኮዳ ላይ አሳረፈው።

ይህ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም። አማርኛም አይችልም። ያለው በቃል የተያዘ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ከምን ነገር ጋር እንደሚያያዝ፣ ለማን እንደሚነገርና ምን እንደሚያስገኝ ገና አልተማረም። ሁለት መቶ የእንግሊዝኛ ቃላት እየጠራ «ውሃ» ብሎ መጠየቅ የማይችል ልጅ፣ «ውሃ»፣ «እምቢ»፣ «እማዬ ነይ» ከሚል የሁለት ዓመት ልጅ በቋንቋ ወደኋላ የቀረ ነው። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ወላጆች አሉ፤ ቢቆጡኝም መናገሬን አልተውም።

ነገሩ የእኔ የግል አስተያየት አይደለም። በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በቂ ማስረጃ ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ተጫወቱ፤ ሰዎቹ መጽሐፍ እያነበቡና አሻንጉሊት እያሳዩ አነጋገሯቸው። ሌሎች ሕፃናት ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ንግግር፣ ለዚያኑ ያህል ጊዜ በቪዲዮ አዩ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ በቪዲዮ ያዩት ግን ቻይንኛ ጨርሶ ካልሰሙት ልጆች አልተሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወር ያሉ ሕፃናት ቃላት ያስተምራል ተብሎ የሚሸጥ ቪዲዮ ለአራት ሳምንታት ደጋግመው ቢያዩም፣ ካላዩት የበለጠ ቃል እንዳልተማሩ አሳይቷል። ብዙ ቃል የተማሩት ቪዲዮ ሳይኖር ወላጆቻቸው በዕለት ተዕለት ሥራ መካከል ያስተማሯቸው ነበሩ። ቪዲዮውን የወደዱት ወላጆች ልጃቸው ከተማረው በላይ የተማረ መስሏቸው መገኘታቸው ደግሞ ክፍሌ ውስጥ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ ወደ ድመቷ ሲጠቁም እናቱ ጣቱን ተከትላ «አዎ፣ ድመት ናት፤ ተኝታለች» ስትለው፣ ቃሉና ነገሩ በዚያች ቅጽበት ይገናኛሉ። እርሱ «ደመ» ሲል እርሷ ትስቃለች፣ ቃሉን አስተካክላ ትመልስለታለች፣ ተራውንም ትሰጠዋለች። ስልኩ ልጁ የት እንደሚያይ አያውቅም፣ መልሱን አይጠብቅም፣ ቢኮላተፍም ቢዘጋም ለእርሱ ያው ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ልጁ ስልኩ ላይ በተተከለባቸው ሰዓታት ከሰው ሊሰማው ይችል የነበረው ነገር ሁሉ መቅረቱ ነው።

«መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ እንግሊዝኛ ይጠየቃል» የሚለውን ሥጋት እረዳዋለሁ፤ ወላጆች ከመሬት ተነሥተው አልፈጠሩትም። ነገር ግን በአንድ ቋንቋ ማሰብ፣ መጠየቅና ማስረዳት የቻለ ልጅ ሁለተኛውን የሚጨምረው በዚያው መሠረት ላይ ነው። አፍ መፍቻ ቋንቋ የሚለው ስም ራሱ መጀመሪያ የሚፈታው አፍ መሆኑን ይናገራል።

«ሁለት ቋንቋ ልጅን ያምታታል» የሚለውም ስህተት ነው። አዳማ ውስጥ ከአያታቸው ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት አማርኛ እየሰሙ አድገው ሁለቱንም የሚናገሩ ልጆች ሞልተዋል፤ ሁለቱንም የተማሩት ከሰው ነው።

«ቴሌቪዥኑ ዝም ብሎ ነው የተከፈተው፣ ማንም አያየውም።» ልጁ ባያየውም እናንተን ዝም ያሰኛችኋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ቴሌቪዥን በሚሰማበት እያንዳንዱ ሰዓት ሕፃናት ከአዋቂ የሚሰሙት ቃል በ770 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሰው የማያየው ቴሌቪዥን ይጥፋ።

«እኛም በቴሌቪዥን ነው ያደግነው» ለሚሉኝ፣ በ2009 ዓ.ም ያረፉትን አባባ ተስፋዬን አስታውሳቸዋለሁ። እርሳቸው ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን በቋንቋችን ይነግሩን ነበር፤ ከእህት ወንድሞቻችን ጋር ተሰብስበን እንሰማ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ዝግጅቱ ያልቅ ነበር። ሲያልቅ ወደ ደጅ ወጥተን አኩኩሉ እንጫወት ነበር። አሁን ልጁ እጅ ላይ ያለው ነገር ግን አያልቅም፤ አንዱ ቪዲዮ ሳይጠናቀቅ ሌላው ይቀጥላል፣ የሚያየውም ብቻውን ነው።

«ስልክ ካላየ አይበላም» የሚለው እምነት መነሻው ልጅ እንዳይራብ ከመፍራት ነው፤ እኔም በመጀመሪያ ልጄ ላይ አድርጌዋለሁ። ዓይኑ ስልኩ ላይ ሆኖ አፉን የሚከፍት ልጅ መብላት እየተማረ አይደለም፤ መጥገቡን አያዳምጥም፣ ምን እንደበላም አያውቅም። ጤነኛ ልጅ አንድ ምሳ ስለተወ አይጎዳም። ከቤተሰቡ ጋር ገበታ ላይ ይቀመጥ፣ ጥቂት ይቅረብለት፣ ጉርሻ ይሰጠው፣ እምቢ ካለ ይነሣና እስከ መክሰስ ይጠብቅ። ክብደቱ የሚያሳስብ ከሆነ ወደ እኛ አምጡት።

የዓይን ጉዳይንም በአጭሩ ላንሣ፤ የስልክ ብርሃን ዓይን አያጠፋም፣ የሰማያዊ ብርሃን መከላከያ መነጽር መግዛትም ለልጅ አያስፈልግም። ቅርቡን እያዩ ሩቁን አጥርቶ ላለማየት ችግር የሚያጋልጠው ረጅም ሰዓት በቅርብ ነገር ላይ ማፍጠጥና ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን አለመዋል ነው።

«ስክሪን ሁሉ አንድ ነው» ብሎ አክርሮ የሚመጣም ወላጅ አለ። እናቱ ሪያድ ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄደችበትን ልጅ በኢሞ እንዳያያት መከልከል ጭካኔ ነው። የቪዲዮ ጥሪ ላይ እናት ስሙን ትጠራለች፣ ትጠብቀዋለች፣ ትመልስለታለች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ18 ወር በታች ላሉ ልጆች ስክሪን እንዲቀር ሲመክር የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ አውጥቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች ተቀምጦ ስክሪን ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ሥራ አለብን፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነን፣ ግቢ የለንም» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። እኔም የምጠይቀው ልዩ ጨዋታ እንድትፈጥሩ አይደለም። ቡና ስትቆሉ ልጁ በመጠኑ ርቆ ይቀመጥና ጥሬው ሲጠቁር እያየ «አሁን ጠቆረ፣ አሁን ተንጣጣ፣ አሽትተው» ይባል። ልብስ ስታጥፉ ካልሲዎቹን ያዛምድ። አተር ሲለቀም አንድ እፍኝ ይሰጠው፤ ቢበትነውም ይልቀመው። ማታ ተረት ንገሩት፣ «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ማለትን ይልመድ፤ አራት ዓመት ሲሞላው እንቆቅልሽ ጀምሩ። ለሞግዚቷም ንገሯት። ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውለው እርሷ ናት፤ ከማንም በላይ ልታነጋግረው የምትችለውም እርሷ ናት። ሥራው ቢደራረብባት ቤቱ ትንሽ ዝብርቅርቁ እንዲወጣ ፍቀዱላትና ልጁን ታጫውተው። የእናንተም ስልክ ቢሆን ገበታና መኝታ ላይ ከእጃችሁ ይውረድ፤ አባቱ እያጎነበሰ የሚያየውን ነገር ልጁ ተው ስለተባለ አይተወውም።

ስልኩ ሲነሣ ልጁ ያለቅሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጽኑ። ወላጆች ተሸንፈው የሚመልሱለት ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ልጁ የሚማረው ሦስት ቀን ካለቀሰ እንደሚያገኘው ነው። ያ ቆርኪ ያሳየሁት ልጅ መስማቱ ተመርምሮ ደህና ስለነበር፣ ስልኩ ተነሥቶ እናቱና አክስቱ በየተራ እንዲያነጋግሩት ተስማማን። በአምስተኛው ወር ሲመለስ «ውሃ ስጪኝ» ይል ነበር፤ እንደ እኩዮቹ ለመናገር ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

በመጨረሻ የማነሣው ከሌሎቹ ተቃራኒ የሆነውን ስህተት ነው። ያልተናገረውን ልጅ ሁሉ «ስልክ ነው ያበላሸው» ማለት እየተለመደ መጥቷል፤ ኦቲዝምንም ስልክ ያመጣዋል ተብሎ ይወራል። ኦቲዝም ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ የዘር ድርሻው ከፍተኛ የሆነ ሁኔታ ነው፤ ልጁ ስልክ ስላየ አይመጣም፣ ስልክ ስለተከለከለም አይጠፋም። የአንዲት ልጅ ወላጆች ስልኩን ነጥቀው ለውጥ ሲጠብቁ አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። በኋላ ሲመረመር ልጅቷ በሁለቱም ጆሮዎቿ በደንብ አትሰማም ነበር፤ ወደ ስልኩም አጥብቃ ትጠጋ የነበረው ሥዕሉን ለመከተል ጆሮ ስለማያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓመት ሞልቶት የማይጠቁም፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላት የማያጋጥም፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ልጅ ካላችሁ፣ ስልክ ቢያይም ባያይም፣ «ወንድ ልጅ ስለሆነ ይዘገያል» ቢሏችሁም፣ ሳትጠብቁ አምጡት፤ መጀመሪያ የምናየው ጆሮውን ነው።