የልጆች ውፍረትና የቤተሰብ ጭንቀት በአሜሪካ ገጠር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ልጅ ከመጠን በላይ ሲወፍር ወቀሳው ቶሎ ይመጣል። እሱ ሆዳም፣ እናቱ ሰነፍ ትባላለች። በአሜሪካ ገጠር፣ የእኛም ሰዎች ስጋ ፋብሪካ ተቀጥረው በሚኖሩባቸው ትንንሽ ከተሞች፣ እውነታው ሌላ ነው።

«ገጠር ያደገ ልጅ አይወፍርም»

ሜዳው ሰፊ፣ ምግቡም ከማሳ የመጣ ስለሚመስለን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የገጠር ልጆች ከከተማ ልጆች ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ መሆናቸውን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በብዙ ቦታ ማሳው በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ለገበያና ለከብት መኖ እንጂ ለቤት የሚሆን ጎመን የለበትም። ሱፐርማርኬቱ ሩቅ ነው። ቅርብ ያለችው ነዳጅ ማደያው ጋ ያለችው ሱቅ ናት፤ እሷም የሞላችው ቺፕስና ለስላሳ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በባስ ነው። የእግረኛ መንገድ ስለሌለ ጓደኛው ቤት እንኳ በመኪና ካልወሰዱት አይሄድም።

«ሲያድግ ይጠፋለታል»

አንዳንዱ ይቀንሳል። ብዙዎቹ ግን ውፍረቱን ይዘው ያድጋሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ «ቆይተን እንየው» ማለትን አይደግፍም።

«ካልነገሩት አይነቃም»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። «ዱባው»፣ «ድብልብሉ» የምንለው በፍቅር ነው። ልጁ ግን ይሸማቀቃል፣ ተደብቆ ይበላል፣ ከጨዋታ ይሸሻል። በክብደታቸው የሚሾፍባቸው ልጆች ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለም፤ ክፍል ውስጥ የሚያሾፉበት ልጆች ባስ ላይም፣ ሜዳ ላይም ያው እነሱ ናቸው።

«የቤተሰቡ ጭንቀት ሌላ፣ የልጁ ውፍረት ሌላ»

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለዚህ ነው። የማታ ሺፍት ጨርሳ የምትገባ እናት አስቡ። ሙሉ ሺፍት ቢላ ይዛ ስጋ ስትቆርጥ ስለቆየች ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። የቤት ኪራዩ ያሳስባታል፤ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብም አለ። ይህች ሴት ቆማ ሽንኩርት ታቁላላ? የቀዘቀዘ ፒዛ ማይክሮዌቭ ውስጥ ትከታለች፤ ማንም ያደርገዋል። የምግብ ሰዓት ማስከበር፣ ልጅን በጊዜ ማስተኛት፣ «አይሆንም» ብሎ መጽናት አቅም ይጠይቃል። ድብርት ደግሞ ቀድሞ የሚወስደው ያንን አቅም ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። ቢገኝም መኪናዋ በሩ ላይ ቆሞ ከታየ ወሬ ይሆናል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ የልጆችን ውፍረት የሚያክም ጥሩ ፕሮግራም ልጁን ሚዛን ላይ ከማቆሙ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ እናቲቱን ይጠይቃል። ይህ ከሕክምናው የሚቆጠር ነው።

«ፕሮግራም ማለት ልጁን ዳይት ማስያዝ ነው»

አይደለም። የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚው መመሪያ የሚመክረው በድምሩ ቢያንስ 26 ሰዓት የሚወስድ፣ ከ3 እስከ 12 ወር የሚዘልቅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የሚገባበት ክትትል ነው። ሊዮናርድ ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪ ቤተሰቦችን ለ10 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ የተሻለ ውጤት የታየው ልጁም ወላጁም አብረው እንዲለወጡ በተደረገበት ቡድን ነው። በተግባር ሲታይ፣ ለስላሳው ከፍሪጅ ሲወጣ የአባትዬውም አብሮ ይወጣል። ለልጁ ብቻ የተለየ ሳህን አይቀርብም።

«እኛ ያለንበት ድረስ ማን ይመጣል?»

አሁን በቪዲዮ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ በትምህርት ቤት በኩል የሚሠሩም አሉ። የልጁን ሐኪም ወይም የትምህርት ቤቱን ነርስ ጠይቁ። ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ 988፣ የአእምሮ ጭንቀት አስቸኳይ የእርዳታ ስልክ፣ በማንኛውም ሰዓት ይደወላል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ስትይዙ «አማርኛ» በሉ። ልጁ ስለ ራሱ ክብደት ለእናቱ እንዲያስተረጉም አይደረግ።